የአዳኝ ጥይት

ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል፤ ከተራራውም ማዶ፣ በምዕራቡ ተዳፋት፣ ጥንታዊው የመናገሻ ደን ይገኛል፤ በዚያም የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ኮልፌ ቀራንዮ በቤትና በሱቅ ሳይሞላ፣ ገና እርሻና ግጦሽ በነበረበት ዘመን፣ ነፍጥ አንግቶ ወደ እንዲህ ያለው ደን የሚዘልቅ አዳኝ፣ እንደ ዛሬው ሰው ከብዙ ዓይነት ጥይት መካከል ለአውሬው የሚስማማውን የሚያማርጥ አልነበረም፤ ዘመን ያመጣለትንና ገበያ የሸጠለትን ይዞ፣ ጥበቡን ሁሉ በዚያች በአንዲት ጥይት ላይ ያሳርፍ ነበር እንጂ።

ጥይቱም የመጣው ከአደን ሳይሆን ከጦርነትና ከመንግሥታት ንግድ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሕዝባችን ሰናድር ብሎ የሚጠራውን ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የሆነው የግብጽ ሠራዊት ደግሞ የሬሚንግተን ጠመንጃውን ጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል እየበዛ የገባው የፈረንሳዮቹ ውጅግራ ነው፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የተሠራ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጠመንጃ ነው። ቀለሁ ከናስ የተሠራ ሲሆን፣ ከአፉ የሚወጣው አረር እስከ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነበር።

ይህች ጥይት ከጠመንጃው የተለየ የራስዋ ታሪክ አላት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በብዙ ገበያ የማርያ ቴሬዛ ብር ለመመንዘር ከአሞሌ ጨው ጋር ታገለግል ነበርና፣ አንዲት ጥይት የተኮሰ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ወደ ደኑ እንደ ወረወረ ይቈጠራል። ስለዚህ ባዶው ቀለህ እንኳ አይጣልም ነበር፤ ባሩድና አረር ዳግመኛ ተሞልቶበት ወደ ዝናር ይመለሳል። እንግዲህ ድኩላ አይቶ እጁ ወደ ቃታው የሚፈጥን አዳኝ ከባልንጀሮቹ ዘንድ ምስጋና አያገኝም፤ ነፋሱን ለይቶ፣ ቀርቦ፣ አውሬው ጎኑን እስኪሰጠው የታገሠው ነው አዳኝ የሚባለው። ጢሳማው ባሩድም ትዕግሥትን ያስተምራል፤ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ነጭ ጢስ ፊትን ሸፍኖ ሁለተኛውን ዒላማ ይከለክላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሥርዓት ነገር ነው፤ የጥይትን ምርጫ የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች ይህን አያነሡትም። በአገራችን ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ እስላሙም ቢስሚላህ ብሎ በቢላዋ ያልባረኩት ሥጋ በክት ነው፤ አይበላም። ኮልፌ ደግሞ ሁለቱም ሃይማኖት ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። ስለዚህ ለሥጋ የሚያድን ሰው የሚሻው ጥይት አውሬውን ባለበት የሚያስተኛ፣ ነገር ግን ካራ ይዞ ሮጦ እስኪደርስ ድረስ እስትንፋሱን የሚያቈይለት ነው። ከባዱና ዘገምተኛው የውጅግራ አረር፣ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር እየሄደ፣ ሥጋ ሲያገኝ ይጠፈጠፍና ሰፊ ቍስል ይከፍታል፤ አውሬውም ሩቅ አይሄድም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ፈረንሳዮች ጢስ የሌለውን ባሩድ በለበል ጠመንጃ ካስገቡ በኋላ ግን መንገዱ ተለወጠ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ከቤልጅግ የተገዛው ሞዘር የሚጎርሰው የ7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት አረሩ ቀጭን፣ ጫፉም ሹል ሆኖ፣ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ይበርራል። ለውጊያ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ሩቅ ይደርሳል፣ አቅጣጫውንም አይስትም። ለአደን ሲመዘን ግን፣ የወታደሩ አረር በጠንካራ ብረት የተለበጠ ስለ ሆነ፣ ሳይጠፈጠፍ በአውሬው ሰውነት አልፎ ይወጣል፤ የቈሰለውም አውሬ ጫካ ገብቶ ይሞታል፤ ለባለ ካራውም ለማንም አይሆንም። በእኔ አስተያየት በደጋው አደን ላይ ከደረሱት ጉዳቶች አንዱ ይህ ነው፤ ከሩቅ መተኮስ ሲቀልል መቅረብ ተረሳ።

ይህ ነገር ከሁሉ የሚያሳስበው ስለ ደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በምድር ላይ የማይገኝ፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ በአርሲና በባሌ ከፍታ የሚኖር ይህ ፍጥረት በሳይንስ መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ብቻ ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ይቈጠራል፤ በተወሰነ ክልልም በፈቃድ ይታደናል። ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እንስሳው የሚገደልበትን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የሚተኮስበትንም የጥይት ዓይነትና ርቀት በጥብቅ እንዲወስን፣ በኮልፌና በወጨጫ ሥር ያሉ ሽማግሌዎችም የቀድሞውን የአደን ሥርዓት ለልጆቻቸው እንዲያጽፉ እለምናለሁ።