እንዝርትና የፈታይዋ ድካም

ልጅ እንጨት ጠርቦ የሚሽከረከር መጫወቻ ይሠራል፤ እናቶቻችን ግን በሚሽከረከር እንጨት ቤተሰብ አልብሰዋል። እንዝርት ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግና ሽክርክሪቱን የሚያጸና ክብ ማክበጃ ብቻ ናት፤ ቤት ውስጥ ትሠራለች።

ታሪኳ ግን ረጅም ነው። በአክሱም ቁፋሮ የእንዝርት ማክበጃዎች ተገኝተዋል። የ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዒዛናም በኖባ ዘመቻው የእህልና የጥጥ ክምችት እንዳጠፋ በድንጋይ አስጽፏል።

ከየካ ብዙም ሳይርቅ፣ በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ፣ ነጠላው ሲደነቅ የሚመሰገነው ሸማኔው ነው። ከእርሱ በፊት ግን ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች። ዛሬ ድሩ ከፋብሪካ ቢመጣም፣ በእጅ የተፈተለ ማግ አሁንም ይፈለጋል።

እህቶች፣ ፈትላችንን ስንሸጥ የጥጡን ዋጋ ብቻ አናስላ፤ የፈተልንባቸውን ቀናትም እንቁጠር።