የሚያድግ ዔሊና የማያድግ ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በሚቀመጥበት በለንደኑ የላምቤዝ ቤተ መንግሥት አንድ ዔሊ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ ነበር። ያመጣው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ ሲሆን ወደ ላምቤዝ የገባበትም ዘመን 1633 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሎድ በ1645 በሞት ተቀጣ፤ ንጉሡ ቻርልስም ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለው። ዔሊው ግን መንግሥት ሲፈርስና ሲተካ ሣሩን እየጋጠ እስከ 1753 ድረስ ቈየ። የሞተውም በዕርጅና ሳይሆን በአንድ አትክልተኛ ቸልተኝነት፣ ከብርድ ወራት መኝታው ያለ ጊዜው ወጥቶ ነው ይባላል።

የሴልቦርኑ ቄስና የተፈጥሮ ተመልካች ጊልበርት ኋይት ከዚያ አትክልተኛ እጅግ የተሻለ ጠባቂ ነበር። አክስቱ ወይዘሮ ሬቤካ ስኑክ በ1780 ሲሞቱ፣ በሪንግመር ግቢያቸው አርባ ዓመት ገደማ የኖረውን ጢሞቴዎስ የተባለ ዔሊ በሠረገላ ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደው። በየጊዜው ይመዝነዋል፤ መቼ ወደ መሬት ቈፍሮ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ይጽፋል፤ ቅርፊቱ ጋሪ ቢሄድበት የማይሰበር መሳይ ሆኖ ሳለ ዝናብን ግን እንዴት እንደሚሸሽ እያደነቀ ይመዘግባል። ኋይት በ1793 ሞተ፤ ጢሞቴዎስም በተከታዩ ዓመት። ቅርፊቱ ወደ ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብቶ በሊቃውንት ሲመረመር ጢሞቴዎስ ሴት ሆና ተገኘች። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በሰው ዐይን ሥር የኖረች እንስሳ ጾታዋ እንኳ አለመታወቁ፣ በዚያ ዘመን ስለ ዔሊ የነበረው ዕውቀት ምን ያህል እንደነበረ በሚገባ ያስረዳል።

የሆነ ሆኖ የሎድም የኋይትም ዔሊዎች ለባለቤቶቻቸው ብዙ ችግር አልፈጠሩም። ምክንያቱም ጢሞቴዎስን የመሳሰሉት የሜዲትራንያን አካባቢ ዔሊዎች ሲያድጉም ከጥቂት ኪሎ ግራም አያልፉም፤ በብርድ ወራት መሬት ገብተው ይተኛሉ፤ ስለዚህ ቤት አያስፈልጋቸውም። በ1882 ከሲሸልስ ወደ ሴይንት ሄለና ደሴት የተወሰደው ጆናታን የተባለው ግዙፍ ዔሊም፣ የደሴቲቱ አየር ለዘብተኛ ስለሆነ፣ በገዥው መኖሪያ ሜዳ ላይ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ኖሯል። ችግሩ የተጀመረው የማይተኛና የሚገዝፍ የሞቃት አገር ዔሊ በቀዝቃዛ አገር በጣራ ሥር እንዲኖር በተፈረደበት ጊዜ ነው።

ለተሳቢ እንስሳት ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ቤት በ1849 በለንደን የአራዊት ማሳያ ተከፈተ። በዚያ ዘመን የቤቱ ሥራ ሙቀት መስጠት ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ እንስሳቱ ይሞቃቸዋል፣ ይበላሉ፣ ነገር ግን አጥንታቸው ይለሰልሳል። ምክንያቱ መታወቅ የጀመረው ከሰው ሕክምና በኩል ነው። በ1919 በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት በአልትራቫዮሌት ጨረር መብራት እያሳከመ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። የተለመደው የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር የሚያግድ በመሆኑ፣ በመስተዋት ውስጥ ፀሐይ የሚሞቅ ዔሊ ብርሃንና ሙቀት ቢያገኝም ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር አያገኝም። በለንደን የተሳቢዎች ክፍል ኀላፊ የነበረችው ጆአን ፕሮክተር በ1927 በተከፈተው አዲስ ቤት ጨረሩን የሚያሳልፍ ልዩ መስተዋትና በየክፍሉ የሚለያይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባች። ወይዘሪት ፕሮክተር ለረጅም ጊዜ በሕመም የተሠቃየች፣ በሠላሳ አራት ዓመቷም በ1931 ያረፈች ሴት ነበረች፤ ከሥራዋ ብዛት አንጻር ስሟ በሙያው ሰዎች ዘንድ የሚገባውን ያህል አይነሣም። የእርሷ ትምህርት ከአራዊት ማሳያ ወጥቶ ወደ ግለሰብ ቤት ለመድረስ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ወስዷል፤ ለዚሁ የሚያገለግሉ አምፑሎች በገበያ የተስፋፉት በ1990ዎቹ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ አፍሪካ ይዞራል። ከሴኔጋልና ከሞሪታንያ ጀምሮ በሳህል በኩል እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ ድረስ የሚገኝ፣ በኋላ እግሮቹ ጭኖች ላይ ትላልቅ እሾህ መሰል ቅርፊቶች ያሉት ዔሊ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ ነው። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ዔሊዎች ቀጥሎ በግዙፍነት ሦስተኛ፣ በዋናው ምድር ከሚኖሩት ግን አንደኛ ነው። ከዕንቁላል ሲወጣ በሰው መዳፍ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፈዋል፤ ክብደቱም ከ40 ግራም ብዙም አይበልጥም። ወንዱ ሲጎለምስ 80 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህ ማለት እንስሳው በዕድሜው ውስጥ ሁለት ሺሕ ጊዜ ያህል ያድጋል ማለት ነው። ሻጩ ለገዢው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ቍጥር ብቻ ነበር።

ገበያው የተለወጠው በተከታታይ ሕጎች ነው። በ1975 የአሜሪካ መንግሥት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቅርፊት ያላቸውን ዔሊዎች ለቤት እንስሳነት መሸጥን አገደ፤ ሳልሞኔላ ወደ ሕፃናት ስለተላለፈ ነው። በ1984 ደግሞ የአውሮፓ ማኅበረሰብ የሜዲትራንያን ዔሊዎችን ንግድ ዘጋ። ይሁን እንጂ ሱልካታ በቀላሉ ይራባል፤ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ሃያና ከዚያ በላይ ዕንቁላል ትጥላለች፣ ያውም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ። ስለሆነም በ1990ዎቹ በአሜሪካ በርካሽ የሚገኝ የቤት እንስሳ ሆነ።

ባለቤቶቹም ሆኑ ብዙዎቹ መጻሕፍት የበረሃ እንስሳ ነው በማለት ደረቅ ሣጥን ውስጥ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ በጠንካራ አምፑል ሥር አሳደጉት። ዔሊዎቹ አደጉ፤ ነገር ግን ጀርባቸው ለስላሳ ጕብታ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ቅርፊት እንደ ትንሽ ፒራሚድ ወደ ላይ ሾለ። ሐኪሞች ጥፋቱን ለረጅም ጊዜ በፕሮቲን ላይ ሲያሳብቡ ቈዩ፤ ምግቡ ስለበዛና ስለጠነከረ ነው ተባለ። በ2003 በቪየና ዊስነርና ኢበን የተባሉ ተመራማሪዎች 50 የሱልካታ ጫጩቶችን በተለያየ የአየር እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን ለአምስት ወራት አሳድገው ውጤቱን አሳተሙ። ቅርፊቱን ያሾለው በዋነኛነት የአየሩ ድርቀት ነበር፤ የፕሮቲን ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በኋላ ሲታይ ግልጽ ነው። ሱልካታ በሳህል ሐሩር ላይ ተጋልጦ አይውልም፤ ብዙ ሜትር የሚረዝም ጉድጓድ ይቈፍራል፤ የቀኑን ሐሩርና የበጋውን ድርቀት የሚያሳልፈው በዚያ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ነው። ሰዎች የመረመሩት የአገሩን ካርታ ነበር፤ እንስሳው ግን የሚኖረው ከካርታው በታች ነው። በሳህል ያለ ማንኛውም እረኛ ይህን ጉድጓድ ያውቀዋል፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ጫጩቱ በሚገባ አደገ ቢባል እንኳ ቀጣዩ ጥያቄ የቦታ ነው። የመስተዋቱ ሣጥን ለጥቂት ወራት ይበቃል፤ ቀጥሎ ጠረጴዛ የሚያህል በረት፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ክፍል ያስፈልገዋል። የጎለመሰ ሱልካታ የሚገፋው እንጂ የሚዞረው ነገር የለም፤ በርን ይነቅላል፣ ስስ ግድግዳን ይደረምሳል። የተወለወለ ወለል እግሩን ያንሸራትተዋል። ሽንቱ በአንድ ጊዜ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ከፍ ያለው ጀርባው ወደ አምፑሉ ስለሚቀርብ፣ ሆዱና እግሮቹ ሳይሞቁ የጀርባው አናት ይቃጠላል። ሱልካታ የብርድ ወራት እንቅልፍ ስለሌለው ይህ ሁሉ በቀዝቃዛ አገር ለብዙ ወራት የሚዘልቅ ነው። ልምድ ያካበቱ ጠባቂዎች በመጨረሻ የደረሱበት መፍትሔ ለግብርና ሰው እንግዳ አይደለም፤ ግድግዳው ብርድ የማያስገባ ጎጆ በግቢ መሥራት፣ አንድ ብርቱ አምፑል በመስቀል ፈንታ ደካማ ማሞቂያዎችን በጀርባው ስፋት ልክ መዘርጋት፣ ወለሉ ላይ ለአሳማ ግልገሎች የሚሠራውን ማሞቂያ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ምግቡንም ሣርና ድርቆሽ ማድረግ። በአጭሩ፣ የቤት እንስሳ ተብሎ የተገዛው ወደ ጋጣ ተመለሰ።

ለእንስሳት ሐኪሞች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ከዔሊው ጋር የተጓዘው መዥገር ነው። በፍሎሪዳ ከዛምቢያ በመጡ ባለነጥብ ዔሊዎች ላይ አምብሊዮማ ስፓርሰም የተባለ መዥገር ተገኘ፤ ሲመረመርም የካውድሪዮሲስን፣ ማለትም ‹‹ሃርትወተር›› የሚባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ተሐዋሲ ተሸክሞ ነበር። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ በሌላው ዘመዱ፣ በአምብሊዮማ ቫሪየጌተም የሚተላለፍ በመሆኑ ለአገራችን ባለሙያዎች አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ዋና ምድር ግን አልነበረም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በመጋቢት 2000 የሱልካታን፣ የባለነጥቡንና የቤል ዔሊ የሚባለውን ማስገባት ከለከለ። በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት መሠረት ከዱር ለሚያዝ ሱልካታ የተፈቀደው የንግድ ድርሻ ዜሮ ሆነ።

ሁለቱም ውሳኔዎች ተገቢ ነበሩ፤ ዘግይተዋል እንጂ። በሳህል አገሮች ዔሊው በግጦሽ መሻማት፣ በእሳትና በአደን ቍጥሩ ሲመናመን፣ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ያሉ መጠለያዎች ባለቤቶቻቸው ማኖር ባቃታቸው ሱልካታዎች ተጨናንቀዋል፤ የአራዊት ማሳያዎችም አንቀበልም ይላሉ። የተረፈውን ወደ ጐደለበት መመለስ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሆኖም በመጠለያ ያለ ዔሊ ወላጆቹ ከሴኔጋል ይምጡ ከሱዳን አይታወቅም፤ ከሌላ ወገን ዔሊዎች ጋር አብሮ ሲኖርም የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቁ ማይኮፕላዝማንና ኸርፐስን የመሰሉ ተሐዋሲያን ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚያው በጋጣው፣ በማሞቂያው ምንጣፍ ላይ ይቈያል፤ ዕድሜውም ብዙውን ጊዜ ከገዢው ዕድሜ ይረዝማል።