ሜርኩሪ በዓሣ ውስጥ

ለምግብ በሚውል ዓሣ ውስጥ ከሚገኙት ከባድ ብረቶች ለተመጋቢው ይበልጥ የሚያሰጋው ሜርኩሪ (ባዜቃ) ነው። በደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ትንንሽ ዓሦችን ትልልቆቹ ሲበሉም መጠኑ በየደረጃው ይጨምራል። መርዙ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ማጠብም ሆነ መጥበስ አያስወግደውም፤ በጣዕምም አይለይም።

ከሁሉ የታወቀው አደጋ የደረሰው በጃፓን ሚናማታ ከተማ ነው። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ድርጅት ከ1932 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ሜቲል ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። የባሕረ ሰላጤውን ዓሣ የበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተንገዳገዱ ሞቱ። የሰዎቹ በሽታ በይፋ የታወቀው በ1956 ሲሆን፣ መንግሥት ምክንያቱን ያመነው ግን ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ፋብሪካው ፍሳሹ የሚወጣበትን ምርት አቁሞ ነበር። መርዙ በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚያልፍ፣ ራሳቸው ጤነኛ የሚመስሉ እናቶች በማኅፀን ሳሉ አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ። ለነፍሰ ጡሮች የተለየ ጥንቃቄ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ በአዋሳ ሐይቅ በተደረገ ጥናት፣ ትንንሽ ዓሦችን የሚበላው ቢልጫ በአብዛኛው ዋቅላሚ ከሚመገበው ቆሮሶ ይበልጥ ሜርኩሪ ይዞ ተገኝቷል። በገበያ የሚበዛው ደግነቱ ቆሮሶ ነው።