ከቀዶ ጥገናው ማግሥት
የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ታሪክና እኛ

በስድስት ኪሎ ግቢ ነጭ በትራቸውን ይዘው ከክፍል ክፍል የሚመላለሱ ጓደኞቻችን ጥቂት አይደሉም። ከእነሱም መካከል በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብሬል እየዳሰሱ ያደጉ አሉ። እነዚህን ወንድሞችና እኅቶች የማይለቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘንድሮ ዓይን ይተከል የለም እንዴ? ለምን አታስተክሉም?» ጠያቂው በቅንነት ነው የሚጠይቀው። ነገር ግን ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ሳያውቁ መመለስ ደግሞ ያስቸግራል።

ከሁሉ በፊት፣ የሚተከለው ዓይን አይደለም። የሚተከለው ከዓይን ፊት ያለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለው ስስ ሽፋን ነው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ በእኛ አገር የልገሳ ጥሪ ላይ ግን «የዓይን ብሌን» መባሉ ተለምዷል። ይህ መስታወት ጠባሳ ሲይዘው ብርሃን በወጉ አይገባም፤ ያን ጊዜ በሌላ መለወጥ ይቻላል። ከኋላ ያለው የዓይን ነርቭ የሞተ እንደሆነ ግን መስታወት መቀየር ምን ይጠቅማል? በ2023 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ሐኪሞች ሙሉ ዓይን ተክለው ነበር። የተተከለው ዓይን ደም እየተዘዋወረበት ቆየ፤ ማየት ግን አልቻለም።

የተሳካው የመጀመሪያው የብሌን ንቅለ ተከላ የተደረገው ኅዳር 28 ቀን 1898 ዓ.ም. (ዲሴምበር 7 ቀን 1905 እ.ኤ.አ.) ነው። ያን ጊዜ እዚህ አገር ዐፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ነበሩ። ቦታው በዛሬዋ ቼክ ሪፑብሊክ የምትገኘው የኦሎሞውትስ ከተማ፣ ሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርም፣ ታካሚው ደግሞ አሎይስ ግሎጋር የሚባል የቀን ሠራተኛ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቹን ኖራ አቃጥሎበታል። የተተከለለት ብሌን የተወሰደው፣ ብረት ገብቶበት ዓይኑ ሊድን ካልቻለ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ዚርም ሁለቱንም ዓይኖች ሠራ። የቀኙ ከሸፈ፤ የግራው ጠራ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልብ በሉ! ሐኪሙ አንድ፣ ታካሚው አንድ፣ ውጤቱ ግን ሁለት። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ባብዛኛው «አንዱ ለምን ጠራ፣ ሌላው ለምን ከሸፈ?» ለሚለው መልስ ፍለጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦዴሳ ቭላዲሚር ፊላቶቭ ከሬሳ የተወሰደ ብሌን እንደሚሠራ አሳየ፤ የልገሳ በር የተከፈተው በዚህ ነው። በ1940ዎቹ እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ሰውነት ባዕድ ሥጋን ለይቶ እንደሚዋጋ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኘው ደግሞ ፈጥኖ እንደሚያባርረው አረጋገጠ። በ1954 በቦስተን ጆሴፍ መሬይ ኩላሊት የተከለው በፍጹም ተመሳሳይ መንታ ወንድማማቾች መካከል ነበር። መንታዎቹ በሥጋም አንድ ናቸውና ሰውነት እምቢ አላለም። ያም ሆኖ ተቀባዩ ከስምንት ዓመት በኋላ ሞተ፤ የቀድሞው በሽታው በአዲሱ ኩላሊት ላይ ተመልሶ ነበር።

ብሌን ከሌላው አካል የሚለይበት አንድ ጸጋ አለው፦ የደም ሥር የለውም። ደም ካልደረሰ የሰውነት ዘበኛም ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ ጠባሳውና ቁጣው ባልከፋ ዓይን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚተከሉት ከ10 ዘጠኙ ያህሉ አንደኛ ዓመታቸውን ጠርተው ያልፋሉ። ከዚያስ? ከዚያማ ጥበቃ ነው። ዓይኑ ቀላ፣ ብርሃን ፈራ፣ እይታው ደበዘዘ ወይም አመመ ማለት ሰውነት ማመፅ ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። አመፁን የሚያበርደው የስቴሮይድ ጠብታ ራሱ ሲበዛ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሞራም ያመጣል። የላላ ስፌት ለተሕዋስያን በር ይከፍታል። ቀዶ ጥገናው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ክትትሉ የዓመታት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳየ። ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው፤ ይህ ንቅለ ተከላ አያሻውም፣ ሞራውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መግጠም ይበቃል። 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ የብሌን ጠባሳ የታወሩ ናቸው።

አሳዛኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። ትራኮማ ያጠቃው ዓይን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል፣ እንባው ይነጥፋል፣ ብሌኑም የደም ሥር ያበቅላል። ያ የተናገርንለት ጸጋ ይገፈፋል ማለት ነው! በድህነት በሽታ የታወረው ሰው፣ ንቅለ ተከላው የሚከሽፍበትም እሱው ነው። የሕፃናትም ዓይን እንዲሁ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ እምቢ ይላል።

የኩላሊቱም ታሪክ ያንኑ ያስተምራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ታላቅ ቀን ነበር። ነገር ግን ተካዩ ሲጨርስ ታካሚው ይጀምራል፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥ አለበት። መከላከያው ሲዳከም ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ በሞላበት አገር በሽታው ደጅ ላይ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ የሚጠፋው ኪኒን ብቻ አይደለም፤ የወንድም ኩላሊትም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ካርታውን እንመልከት። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበዋታል፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለመሐል ከተማው ሐኪም ቅርብ ናቸው። ቢሆንም ለቀን ሠራተኛ አንድ የክትትል ቀጠሮ ማለት አንድ የቀን ደሞዝና የደርሶ መልስ ታክሲ ነው። ቀጠሮው ሲደጋገም ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ደግሞስ ትራኮማ የሚስፋፋው ንጹሕ ውሃ በጎደለበት አይደለም ወይ? የገፈርሳ ውሃ ከቡራዩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሱሉልታም ውሃ እያሸጉ የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሏት። ውሃው ከሚፈልቅበት ሰፈር የሕፃን ፊት ሳይታጠብ ከዋለ፣ ነገ የምንተክለው ብሌን በምን መሬት ላይ ይጸድቃል? አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ይህን የምለው ንቅለ ተከላን ለማጣጣል አይደለም። ከአንድ ሰው የሚገኙት ሁለት ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ብሌኑ ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ መነሣት ስላለበት ግን ቃል መግባት ብቻውን አይበቃም፤ ቤተሰብ አስቀድሞ አውቆ መስማማት አለበት። እንግዲህ ጓደኛችንን «ለምን አታስተክልም?» ማለቱን እንተወው። ይልቅስ ለዓይን ባንክ ቃል እንግባ፣ ለቤተሰባችንም ዛሬውኑ እንንገር፤ የጠብታው፣ የቀጠሮውና የውሃው ነገር ሲነሣም ዝም አንበል። የተተከለው የሚጸድቀው በእነዚህ ነው።