የሞጆ ንግድና ነገረ ማስታወቂያ

የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ጣቢያ የቆመላት ሞጆ፥ ኋላም ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከአዳማው መንገድ የሚለይባት መገናኛ ስለ ሆነች፥ ነጋዴዋ ገበያተኛውን በድምፀ አዋጅ ሳይጠራው ገበያተኛው ራሱ በደጁ ያልፍ ነበር። ስለዚህ የማስታወቂያው ሥራ በጋዜጣ ዓምድ ሳይሆን በደላላ ልሳንና በሻጭ ጩኸት ይፈጸም ነበር፤ ደላላውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ እንደ ዛሬው ሁሉ ከምስክርነት ይልቅ ውዳሴ ይቀናው ነበር።

የቆዳ ፋብሪካዎች በከተማይቱ ሲበረክቱ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ የፋብሪካው ደንበኛ መንገደኛው ሕዝብ ሳይሆን ባሕር ማዶ ያለ ጫማና ጓንት ሠሪ ነውና፥ እርሱ የሚመረምረው የሰሌዳውን ኅብረ ቀለም ሳይሆን ቆዳው በእከክና በቢላ ጭረት ያልተበላሸ፥ በየደረጃው የተለየ፥ በቀጠሮውም የደረሰ መሆኑን ነው። እንዲህ ላለው ንግድ ማስታወቂያ ስምን ከማስተዋወቅ ያለፈ ሥልጣን የለውም።

ለባለ ሆቴሉና ለባለ ሱቁ ግን፥ የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙው መንገደኛ ከተማይቱን ሳይረግጥ ስለሚያልፍ፥ ደንበኛን መጥራት ግድ ሆኗል፤ ከትርፉ ከፍሎ ለማስታወቂያ ገንዘብ ሊመድብ የሚገባው እርሱ እንጂ ቆዳ ነጋዴው አይደለም።