ማመልከቻውና ቃላዱ

አርዲቦ በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ በላይ በተራራ ተከብቦ የተኛ ውኃ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ፣ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ከትልቁ ሐይቅ ይገባል። በዚህ ዳርቻ የሚያርሰው ገበሬ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሚከፍለውን ልክ የቆረጠለት የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ነበር። ወሎ ከሸዋ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርና ከሌሎቹ ጋር ተመድቦ በጋሻ ለለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ተተመነበት፤ በዚያ ላይ በአሥራት ፈንታ 35፣ 30 እና 10 ብር ተጨመረ። ገበሬውን ማን አማከረው? ማንም።

ከዓባይ ማዶ ያለው ጎጃሜ ግን ከዚህ ድልድል ወጥቷል። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ከጠላት ወረራ በፊት ይከፍሉት የነበረውን እንዲከፍሉ ተተዉ። ጎጃሜው ቃላድ በርስቱ ላይ እንዳይጣል ከዚያ ቀደም ብሎ እምቢ ብሎ ነበርና ልዩነቱ በደግነት የመጣ አልነበረም። መሬት የተለካበት ሰው ርስቱን ያጣል የሚለው ፍርሃት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ነበር።

በሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ሌላ መንገድ አለ። በካሊፎርኒያ በ1970 ዓ.ም. ሐዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ጉዳዩ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ታትሞ ሕዝቡ ወሰነበት፤ የቤትና የመሬት ግብር ከንብረቱ ግምት ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ሆነ። (የቤተ መጻሕፍትና የትምህርት ቤት በጀትም አብሮ ተጎዳ፤ ነገሩ ያለ ዋጋ አልመጣም።)

እኛስ? ፓርላማ ነበረን። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በአሥራት ፈንታ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የጣለው አዋጅ ቁጥር 255 ያለፈውም በዚሁ ፓርላማ ነው። ግብሩ ለትንሹ ገበሬ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። የጎጃምን ሰው ያስደነገጠው ማሳው ድረስ መጥቶ ምርቱን የሚገምተው ሰው ነው፤ ግምት የቃላድ ታናሽ ወንድም መሰለው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ቀድሞውንም በመሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ የተማረረባቸው ሕዝብ ነበር።

ገበሬው በመጀመሪያ ያደረገው ጠመንጃ ማንሣት አልነበረም። ሽማግሌ መረጠ፣ ማመልከቻ አጻፈ፣ አዲስ አበባ ወርዶ ደጅ ጠና። ይህን መርሳት የለብንም፤ ስለ ጎጃም ዐመፅ ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው ተኩሱ ነው። ሆኖም ማመልከቻ ስንት ሰው ቢፈርምበት ባለሥልጣኑ ሊመልስ ይገደዳል የሚል ሕግ አልነበረም። አሥር ሺህ ጣት ቢያርፍበትም ያው አንድ ወረቀት ነው፤ መልሱ በተቀባዩ ፈቃድ ላይ ያድራል። የተላከው መርማሪም ሆነ የተሰጠው ተስፋ ሕዝቡን አላረጋጋውም። ገማቾቹ ከየቀበሌው ተባረሩ፣ ሞጣና ቢቸና ታመሱ፣ በመጨረሻም ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ለዘበ። ደጃዝማች ፀሐዩ በ1960 መጨረሻ ተነሡ፤ ከ1942 ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ ግምቱም ቀረ። የፈሰሰው ደም ግን በማመልከቻው ሊድን ይችል የነበረ ደም ነው።

ወሎዬው ደግሞ በጋሻው እየከፈለ ቆየ። በ1965 ዓ.ም. ረኃብ ሲገፋው እርሱም በእግሩ ወደ አዲስ አበባ አቀና፤ ፖሊስ ከመንገድ መለሰው።

ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው የተሾሙት ከፋ ላይ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ።