ቡታ ጋዝ (ዋጋው በምዕራብ ጎጃም)

ቡታ ጋዝ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ በብረት ሲሊንደር የሚሸጥ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። በጅቡቲ ገብቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሲደርስ ከአዲስ አበባው ይወደዳል። ምክንያቱ የመንገዱ ርቀት ብቻ ነው የሚል ሰው፣ በዚያው መንገድ የሚመጣው ቤንዚን በከተሞቹ መካከል ይፋዊ የዋጋ ልዩነቱ ለምን ጠባብ እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቤንዚን በቦቴ ይጫናል፤ የየከተማው መሸጫ ዋጋም በመንግሥት ይተመናል። ሲሊንደር ግን ባዶውም ሸክም ነው፦ 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ብረት ራሱ ያንኑ ያህል ይመዝናል፤ ሲያልቅም ለመሞላት ይመለሳል። ስለዚህ ገዢው የብረቱን የደርሶ መልስ ጭነት ጭምር ይከፍላል። ገዢ ቢበዛ ይረክስ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ገጠሩ ባሕር ዛፉን ከጓሮው ይቆርጣል፣ ሰፊው የእንጀራ ምጣድም በትንሿ የጋዝ ምድጃ እኩል አይግልም።